ጎንደር፦ የጣሊያን ዘመን ታሪክና ጠጅ በአንድ ቀን

ጥያቄ፦ ሰላም የጎንደር ልጆች። እንግዶች ይዤ ለአንድ ቀን እመጣለሁ። ጠዋት የጣሊያን ጦርነት ታሪክ፣ ከሰዓት ጠላና ጠጅ። ሳንጣደፍ እንዴት እናድርገው?

መልስ 1፦ ከፋሲል ግቢ ጀምሩ። ጣሊያን ግቢውን ለጦሩ ይጠቀምበት ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደብድበውታል፤ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ላይ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። ቲኬቱን አትጣሉት፣ የፋሲል መዋኛ በር ላይ ይጠየቃል። ከዚያ በእግር ፒያሳ፦ ፖስታ ቤቱም ሲኒማ ቤቱም ጣሊያን የሠራቸው ናቸው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ነው፤ የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ይህች ከተማ ነበረች።

መልስ 2፦ የጣሊያን ምሽግ የነበረውን ቁልቋል በርን ለመጨመር እንዳትሞክሩ። ከጎንደር ቀድሞ ኅዳር 12 የወደቀው እሱ ነው፣ ግን በደብረ ታቦር መንገድ ከከተማ ውጭ ስለሆነ ግማሽ ቀን ይበላል።

መልስ 3፦ መጠጡን ምሳ ሳትበሉ አትንኩት። ጠላ ቤት ደጁ ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ይደፋል፣ በዚያ ለዩት። ድፍድፉ በደንብ ሳይፈላ ውሃ ከተጨመረበት ሆድ ይነፋል፤ ስለዚህ "መቼ ተጠመቀ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጠጅ በተለምዶ ለ1 እጅ ማር 3 እጅ ያህል ውሃና ጌሾ ነው፤ ማሩ በስኳር ሲተካ የማር ሽታው ይጠፋል፣ ጣፋጭነቱ ብቻ ይቀራል። በጣፋጭነቱ ተታላችሁ ብርሌ አትደራርቡ። አረቄውን ለሌላ ቀን ተዉት።

መልስ 4፦ ለሾፌሩ ብርዝ እዘዙለት፣ ግን ያደረ እንዳይሆን፤ እሱም መፍላት ይጀምራል።