እንቁላል ከወጣ በኋላ አዳማ ሆኖ ማገገም፤ ያለፋችሁበት ንገሩኝ

የአዳማዋ እህት፦

ሰላም እህቶቼ። አይቪኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ተገናኝቶ ፅንሱ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና) ጀምሬ መርፌዎቹን ልጨርስ ጥቂት ቀን ቀርቶኛል። ከዚያ አዲስ አበባ ሄጄ እንቁላሌ ይወጣል። ፒሲኦኤስ (እንቁላል በየወሩ በአግባቡ እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት) ስላለብኝ አልትራሳውንዱ ላይ ብዙ እንቁላል ታይቷል። ሐኪሙ «ሆድሽ ሊነፋ ይችላል፣ እንከታተልሻለን» ብሎኛል። ከዚህ በላይ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ግን ውጪ የተሰለፈውን ሰው ሳይ አፌ ተያዘ።

ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። በዚያው ቀን ወደ አዳማ መመለስ ይቻላል? ሱቅ ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው፤ መቼ ልመለስ? ሙቀቱንም ታውቁታላችሁ፣ በዚህ ወር ቤት ውስጥ እንኳን አያስቀምጥም። ደግሞ ሁዳዴ ነው። እንቁላልና ወተት ብዪ እየተባልኩ ነው፣ ልቤ ግን ጾሜን መፍታት እምቢ አለው።

ሌላው አማቴ ናቸው። ለፋሲካ መጥተው እኛ ጋ ሊሰነብቱ ነው። ምንም አያውቁም። ተኝቼ ሲያዩኝ ምን እላለሁ? ከመርፌው ይልቅ ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ሰላም ከፍራንኮ፦

እህቴ፣ እኔም እዚሁ አዳማ ነኝ፣ ፒሲኦኤስም አለብኝ። የጻፍሽውን ሳነብ ራሴን ያየሁ ነው የመሰለኝ።

ከሁሉ በፊት የመጨረሻውን መርፌ ሰዓት አጥብቀሽ ያዢ። እንቁላሉ የሚወጣው ከእሱ በኋላ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ከተወጋሽ ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ አልጋው ላይ ነሽ ማለት ነው። ስልክሽን አላርም ሙይው፣ የባለቤትሽንም ጭምር።

ሂደቱ ራሱ አያስፈራም። በባዶ ሆድ ትገቢያለሽ፣ ሰመመን ይሰጡሻል። በአልትራሳውንድ እያዩ በቀጭን መርፌ በብልት በኩል ይቀዱታል። ግማሽ ሰዓት እንኳን ላይሞላ ይችላል። እኔ ስነቃ የወር አበባ የመጣብኝ ዓይነት ቁርጠት ነበረኝ፣ ትንሽ ደምም አየሁ።

በዚያው ቀን መመለስ ለሚለው፣ ብዙዎች ይመለሳሉ። የፍጥነት መንገዱ ለስላሳ ነው፣ ችግር የለውም። ያሰቃየኝ ከመናኸሪያ እስከ ቤት ያለው ባጃጅ ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሆዴን በሁለት እጄ እይዝ ነበር። ለአንቺ ግን ብዙ እንቁላል ስላለሽ አዲስ አበባ ዘመድ ካለሽ እዚያ ሰንብቺ እልሻለሁ። እኔን ያመመኝ በዚያ ቀን አልነበረምና ነው። ደህና ነኝ ብዬ ቤቴ ገብቼ፣ ከቀናት በኋላ ሆዴ ከበሮ ሆነ። ቀሚሴ አልዘጋ አለኝ። ሁለት ሦስት ጉርሻ ስበላ እስከ ጉሮሮዬ እጠግባለሁ። ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል።

ይሄ ነው ኦኤችኤስኤስ የሚሉት። መርፌው ኦቫሪን (እንቁላል የሚያፈራውን አካል) ከሚገባው በላይ ያነቃቃዋል፣ ከዚያ ፈሳሽ ከደም ሥር እየወጣ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ሆድ በውሃ እየተነፋ ሰውነት ግን ውሃ ይጠማዋል፣ ደምም ይወፍራል። ለዚህ ነው ሽንት የሚቀንሰው። በሙቀት ከተማ ደግሞ ላቡም አለ፤ «ስላላበኝ ነው ሽንቴ ያነሰው» ብለሽ እንዳታልፊው።

እኔ ሁለት ነገር አደርግ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ሄጄ ስመለስ፣ ምንም ሳልበላ፣ ከጎረቤት በተዋስኩት ሚዛን እመዘናለሁ። ሁሌም በአንድ ሚዛን፣ በዚያው ቀሚስ። ሌላው ሽንቴ ነው። የአንድ ሊትር ሃይላንድ አናቱን ቆርጬ፣ መስመር አስምሬበት እለካ ነበር። ባለቤቴ ደብተር ላይ ይጽፈዋል። ያፈርኩት መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ያ ደብተር ነው ሐኪሟ ፊት የተናገረልኝ። በአንድ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ መጨመሬንና ሽንቴ መቀነሱን በስልክ ስነግራት «አሁኑኑ ነዪ» አለችኝ። አስተኝተው በጉሉኮስና በመርፌ ተከታተሉኝ፣ ተሻለኝ።

ፅንሶቹን በዚያው ዙር አላስገቡልኝም። እርግዝና ሕመሙን ስለሚያብሰው በናይትሮጅን አቀዝቅዘው አስቀመጡልኝ። ሲነግሩኝ አልቅሻለሁ። ያን ሁሉ መርፌ ተወግቼ ባዶዬን ልመለስ ነው ብዬ ነበር። አሁን ግን ትክክል እንደነበሩ አምናለሁ። አንቺንም «እናቆየው» ካሉሽ ተቀበያቸው። በኋላ ያስገቡልኝ አልያዘልኝም፣ ሌላ ግን ተቀምጦልኛል። ሰውነቴ አገግሞ ነው የምጠብቀው።

ስለ ጾሙ የንስሐ አባቴን አማክሬ ነበር። ሳልጨርስ «ሕክምና ላይ ያለ ሰው ምን ጾም አለበት» አሉኝ። አንቺም ጠይቂያቸው፣ ልብሽ ያርፋል። ካልሆነም ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ፕሮቲን ነው። ውሃ ብቻ ከመጠጣት ኦአርኤስ ቀላቅለሽ ፉት በይ። የዶሮ መረቅ ከተፈቀደልሽ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

ሱቁን ለሳምንት ያህል ሰው ያዝልሽ። ካርቶን እንዳታነሺ።

አዋላጅ ነርስ፦

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው። ትንሽ ልጨምር።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ውሰጂ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሐኪምሽ ካላዘዘ አትውሰጂ፣ በተለይ ሆድሽ ከተነፋ። ፋርማሲ ሄደሽ «የሆድ ሕመም» ብቻ ካልሽ የሚሰጡሽ እሱን ሊሆን ይችላልና እንቁላል ወጥቶልኝ ነው ብለሽ ንገሪያቸው።

ትኩሳት፣ ፓድ የሚያርስ ደም፣ የማያቆም ትውከት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር እብጠት ካየሽ እስኪነጋ አትጠብቂ። ድንገት በአንድ ጎን የሚወጋ ከባድ ሕመምም እንደዚሁ ነው። ያበጠ ኦቫሪ ሊጠማዘዝ ስለሚችል ነው ሩጫና ስፖርት የሚከለከለው። ቀስ ብሎ መራመድ ግን ጥሩ ነው፣ ለደም ዝውውር። ቀኑን ሙሉ መተኛት አይመከርም። ፅንስ ከገባ በኋላም ቢሆን አልጋ ላይ መቆየት እንዲይዝ አይረዳም። ብዙ እናቶች ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳን ይፈራሉ፤ አይወድቅም።

የእርግዝና ምርመራውን ደግሞ አታስቀድሚ። የመጨረሻው መርፌ የእርግዝናው ሆርሞን ያለበት ከሆነ ለቀናት ደም ውስጥ ይቆያል፣ የሽንት ምርመራው በውሸት ሊያስደስትሽ ይችላል። የተሰጠሽን ቀን ጠብቂ።

አባወራ ከሐዋሳ፦

እህቴ፣ ስለ አማትሽ እኔ ልናገር። የእኛም ቤት ይሄው ነበር። ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ችግሩ የእኔ የወንድ ዘር ማነስ ሆኖ ሳለ ዘመድ ሁሉ ሚስቴን ነበር የሚያየው። ቁጭ ብዬ «እማዬ፣ የምንታከመው በእኔ ምክንያት ነው፣ እሷ ግን መርፌውን ሁሉ እየተወጋች ነው» አልኳት። እናቴ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ተነስታ አጥሚት ልትሠራላት ገባች።

ችግሩ የማንም ይሁን የማን፣ ለአማትሽ ተናጋሪው ባለቤትሽ ይሁን። እናቱ ናቸው፣ አቀራረቡን እሱ ያውቀዋል። መንገር ካልፈለጋችሁም «ቀላል ኦፕሬሽን አድርጋለች፣ ሐኪም ዕረፍት አዟል» ይበል። ይሄ ውሸት አይደለም።

የአዳማዋ እህት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ባለቤቴን ቁጭ አድርጌ አነበብኩለት። ለእናቱ ራሱ ሊነግር ነው፣ ከመምጣታቸው በፊት በስልክ። ቃሊቲ እህቴ አለች፣ እሷ ጋ እሰነብታለሁ። ሃይላንዱንም ቆርጬ ይዤ እሄዳለሁ።

አንድ የቀረኝ፦ በብልት የሚደረገውን ፕሮጄስትሮን (ማህፀን ፅንስ እንዲይዝ የሚረዳውን ሆርሞን) አዳማ ድረስ እንዴት ነው የማመጣው? መኪና ውስጥ ይቀልጣል ሲሉ ሰማሁ።

ሰላም ከፍራንኮ፦

ይቀልጣል፣ እውነት ነው። የእኔ ካርቶን ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል፤ የአንቺን አንብቢ። በትንሽ የምግብ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ያዢው። በረዶውን በፎጣ ጠቅልይው፣ መድኃኒቱን በቀጥታ እንዳይነካው። ዕቃ መጫኛ ላይ አታስጭኚው፣ እግርሽ ሥር ይሁን። ጠዋት በማለዳ ተሳፈሪ። ቤት ስትደርሺ ፍሪጅ በር ላይ አድርጊው፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን አታስገቢው። መብራት ከጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቺው። ከቆየብሽ እኔ ጋ ጄኔሬተር አለ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።