የዛፍ ሽበት መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ፖስታው ላይ ምን ልጻፍ?

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ወይም መናገሻ ሱባ እንወጣለን። እነሱ ወፍ ያያሉ፤ እኔ ግንድ ሥር እቀራለሁ። ኮሶው ላይ የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት፣ ድንጋይ ላይ የተለጠፈው ግራጫና ብርቱካናማ ነገር፣ ሁሉም ላይክን (ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት) ነው አሉኝ። አሁን በወጉ ሰብስቤ መመዝገብ አምሮኛል። በምን ልያዘው? ምን ልጻፍበት? ደግሞ በቅርቡ ለሥራ ማሊንዲ እሄዳለሁ፣ ኬንያ። እዚያ አጠገብ አራቡኮ ሶኮኬ የሚባል የባሕር ዳርቻ ደን አለ። ከዚያም ትንሽ ይዤ ብመጣና ከመናገሻው ጋር ባስተያየው ደስ ይለኛል። የምታውቁ እስቲ።

ቀበና ዳር፦
በፌስታል እንዳትይዢ፣ ይሻግታል። ካኪ ፖስታ ይበቃል። ማታ ቤት ስትገቢ ፖስታውን ከፍተሽ ነፋሻ ቦታ አድርቂው። ፀሐይ ላይ አይደለም።

ጋሽ አስታ፦
ልጄ፣ የፌስታሉ ነገር ልክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጽሑፉ ነው። ዕድሜዬን ሌሎች የሰበሰቡትን ናሙና ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚያምር ላይክን ይመጣልኛል። ፖስታውን ሳገላብጥ «መናገሻ፣ ዛፍ ላይ» ይላል። በቃ! መናገሻ የት? ታች ጽዱ ውስጥና ላይ ወጨጫ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ አስታው ቁጥቋጦ ውስጥ የሚበቅለው አንድ ነው እንዴ? እንዲህ ያለውን ናሙና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ብትጥዪው ሳይንስ ምንም አይጎድልበትም።

ቦታውን፣ አገሩን የማያውቅ ሰው ተነስቶ ሊደርስበት እንዲችል አድርገሽ ጻፊ። የስልክሽን ጂፒኤስና ከፍታውን ጨምሪ። ከድሮው 1:50,000 ካርታ ላይ ካነበብሽ ግን «አዲንዳን» (የካርታው የልኬት መነሻ ስም ነው) ብለሽ አመልክቺ፤ ስልክሽ የሚጠቀመው መነሻ ሌላ ነው፣ ሁለቱ ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያሉ። ቀጥሎ የበቀለበት። ጽድ ነው? ዝግባ? ወይራ? ቆሞ ነው ወድቆ? ግንዱ ላይ ነው ወይስ ቅርንጫፉ ላይ፣ ከመሬት በምን ያህል? ጥላ ነው ፀሐይ? ቀለሙንም እዚያው ጻፊ። እርጥብ ሳለ አረንጓዴ የነበረው ቤት ሲደርስ ግራጫ ሆኖ ይጠብቅሻል። ዛፉን መለየት ካቃተሽ የአገሩን ዕፅዋት የሚዘረዝሩ የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ የሚባሉት ጥራዞች አሉ። ለላይክኑ ግን አይረዱሽም፤ ላይክን አላካተቱም።

ቀኑ ላይ ልቆጣ ነው። «5/2/2016» ብለሽ ብትተዪው እኛ ጥቅምት 5 እንለዋለን። ውጭ ያለው ተመራማሪ ፌብሩዋሪ 5 ይለዋል፣ ያውም ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ። ወሩን በፊደል፣ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን፦ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2023። ይኼን የማይጽፍ ሰው ናሙና ሲያመጣ ሻይ እንኳ አልጋብዝም።

ለእያንዳንዱ ናሙና የራስሽን ቁጥር ስጪ። በየዓመቱ ከ1 አትጀምሪ፤ ይቀጥል። ያው ቁጥር ደብተርሽ ላይም ይኑር። በእርሳስ ጻፊ፣ እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይፈሳል። በአንድ ፖስታ ሁለት ዓይነት አታጭቂ።

አነሳሱን በተመለከተ፣ ደረቅ ላይክን ይፈረፈራል። ውኃ ርጭት አድርጊበትና ሲለሰልስ በቢላ አንሺው። አንድ ብቻውን ያለውን ተዪው። ብዙዎቹ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ነው የሚያድጉት። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ካለ ከዚያ ውሰጂ። ደኑ ጥበቃ ያለበት ስለሆነ ጽሕፈት ቤቱን አስቀድመሽ ፈቃድ ጠይቂ።

ፒያሳ ልጅ፦
ጋሼ ሁሉንም ብለውታል፣ እኔ ስለ መለየቱ ልጨምር። ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጓት ማጉያ አለች አይደል? አሥር እጥፍ የምታጎላውን ፈልጊ፣ ለመጀመሪያ ምንም አይጎድልሽም። የዛፍ ሽበቱን እርጥብ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ውጪው ተሰንጥቆ መሃል ላይ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነጭ ክር ከወጣ ዩስኒያ የሚባለው የላይክን ወገን ነው። በረኪናም ይጠቅማል። ከናሙናው ጥቂት ፍቂና አንዲት ጠብታ አድርጊበት፣ አንዳንዱ ወዲያው ይቀላል። ቢቀላም ባይቀላም ፖስታው ላይ ይጻፍ። የከረመ በረኪና ኃይል የለውም፣ አዲስ ግዢ።

ማሊንዲ ስትሄጂ ደግሞ የመናገሻውን የዛፍ ሽበት አትጠብቂ። ሞቃት ቆላ ደን ውስጥ የሚበዛው ከዛፉ ልጥ ጋር የተጣበቀው ስስ ዓይነት ነው። ግራፊስ የሚባሉት ላይ ጥቃቅን ጥቁር መስመሮች ታያለሽ። እነሱ ከነልጡ ካልተቆረጡ አይነሱም።

የአራት ኪሎዋ፦
እናንተዬ፣ ተባረኩ። ጋሼ፣ ከማሊንዲ ይዤ መምጣቱን ምን ይላሉ? ውጭ አገር ያለ ጓደኛዬም ከመናገሻው በፖስታ ላኪልኝ ብሎኛል።

ጋሽ አስታ፦
ሁለቱንም ተዪው። ኬንያ ፈቃድ ከሌለሽ ፎቶ ብቻ አንሺ፤ ከዛፉ ዝርያና ከቦታው ጋር ከመዘገብሽው ፎቶም መረጃ ነው። የእኛንም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ጓደኛሽ ማየት ከፈለገ እዚሁ ይምጣ። ብሔራዊ ሄርባሪየሙ (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት) አንቺው ሰፈር ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ነው፣ ጎራ ብለሽ ናሙና እንዴት እንደሚቀበሉ ጠይቂያቸው። ከዚያ በፊት ግን ፍሪዘር ውስጥ ይግባ፣ አለዚያ የነፍሳት እንቁላል ይዘሽባቸው ትሄጃለሽ።

የአራት ኪሎዋ፦
ፍሪዘር? የኔ እኮ ሥጋ ሞልቶታል። ሰፈራችን መብራት ደግሞ ያውቁታል።

ጋሽ አስታ፦
ሥጋው ምን አገባው። በደንብ ከደረቀ በኋላ ፖስታውን በፌስታል ጥርቅም አድርገሽ ቋጥሪውና ከጎኑ አስገቢው፤ ፌስታል የሚከለከለው እርጥቡ ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሳምንት። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ሳምንቱን እንደገና ጀምሪ። ስታወጪው ፌስታሉን ቶሎ አትፍቺ፣ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ። ቀዝቃዛ ሳለ ከፈታሽው ጤዛ ይይዘዋል።