የተሳቢው ቀለበት ከትራክተሩ ድሮባር በጣም ከፍ ይላል፤ በምን ላያይዘው?

የአሰላ ስንዴ
ሰላም ወንድሞች። ትራክተሩ ማሴ ፈርጉሰን 385 ነው፣ ተሳቢው ደግሞ ባለ አንድ አክስል ረጅም ካሶኒ። ካሶኒው ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ሲቆም የቀለበቱ መሃል ከመሬት 72 ሴ.ሜ ይርቃል፤ የትራክተሩ ድሮባር (ከኋላ ያለው የመጎተቻ ብረት) ግን 45 ላይ ነው። ሦስት ሐሳብ ቀርቦልኛል፦ በሃይድሮሊክ ክንዶቹ መካከል አግዳሚ ብረት ማስገባት፣ ድሮባሩ ላይ ከፍታ ማስበየድ፣ ወይም ተሳቢውን እንዳዘነበለ ማሰር። ጭነቱ እስከ 40 ኩንታል ስንዴ፣ በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ጭድ ነው። መንገዱ ዳገትም ቁልቁለትም አለው። የትኛው ይሻላል?

ቶርኖ ቤት
ድሮባሩ ላይ መበየዱን ከአሁኑ እርሳው። የዚህ ትራክተር የኋላ አክስል መሃል ከመሬት 70 ሴ.ሜ ገደማ ነው። ቀለበቱን 72 ላይ ካሰርከው ከአክስሉ በላይ መጎተትህ ነው፤ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን በድንገት ስትለቅ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሹፌሩ የሚደርስበት ጊዜ የለም። በቁጥር ላሳይህ፦ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2.3 ሜትር ብንይዝ፣ በ1 ቶን ኃይል ስትጎትት ከ45 ሴ.ሜ ከሆነ ከፊት ጎማዎች ላይ 195 ኪሎ ያህል ይቀንሳል፤ ከ72 ከሆነ 310። ይህ እንግዲህ ተሳቢው በቀለበቱ በኩል የሚጭነውን ክብደት ሳንቆጥር ነው።

ብየዳው ራሱም አይችለውም። 27 ሴ.ሜ የቆመ ብረት ጫፍ ላይ 1 ቶን መጎተት ማለት በ1 ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ 270 ኪሎ ማንጠልጠል ነው። መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ከብየዳው አጠገብ ያለው የድሮባሩ ብረት ነው፤ ጭቃ ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም።

ሁለት ማርሽ
ቶርኖ ቤት በተናገረው እስማማለሁ። በአግዳሚው ብረት ላይ ግን ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው፤ ጥቅሙም ጉዳቱም አለ።

ባዶ ተሳቢ ግቢ ውስጥ ለማዘዋወር ጥሩ ነው። ክንዶቹን ዝቅ አድርገህ ከቀለበቱ ስር ትገባለህ፣ ታነሳለህ፣ አለቀ። የክንዶቹ ቀዳዳ 28 ሚ.ሜ ከሆነ የአግዳሚው ጫፍም 28 ይሁን፤ 22 ሚ.ሜ ጫፍ ማጥበቢያ ቡሽ ሳይደረግለት ከገባ እየተንገጫገጨ ቀዳዳውን ይበላዋል። የጎን ሰንሰለቶቹን አጥብቅ፣ አለበለዚያ ተሳቢው ትራክተሩን ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል። ለማንሳት የፖዚሽን እጀታውን (የክንዶቹን ከፍታ የሚወስነውን) ተጠቀም።

ጭነት ሲኖር ግን ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ክንዶቹ ወደ ላይ የሚያግዳቸው የለም። ሃይድሮሊኩ ያነሳል እንጂ ወደ ታች አይጫንም። ጭዱ ወደ ኋላ ካመዘነ ዳገት ላይ ቀለበቱ ክንዶቹን ይዞ ይነሳል፣ የኋላ ጎማህም መሬቱን መያዝ ይተዋል። ይህን የሚከለክለው አግዳሚውን ከትራክተሩ አካል ጋር በቋሚ መወጠሪያ ብረት ማሰር ነው፤ ሰንሰለት መውረድን እንጂ መነሳትን አይከለክልም። ሁለተኛ፣ የክንዶቹ ጫፍ ከድሮባሩ ይልቅ ከአክስሉ ይርቃል። ቀለበቱ 700 ኪሎ ቢጫንና ርቀቱ 1 ሜትር ቢሆን ከፊት ጎማዎች 300 ኪሎ ይነሳል፤ ከአክስሉ 70 ሴ.ሜ በሚርቅ ድሮባር ግን 210 ብቻ። መሪው ሲቀልህ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከትራክተሩ ክብደት ቢያንስ 20 በመቶው በፊት ጎማዎች ላይ መቅረት አለበት፤ ካልቀረ የፊት ክብደት ጨምር።

ሞተር ጠፍቶ ሲያድር ክንዶቹ ቀስ በቀስ ይወርዳሉ። ስለዚህ የተሳቢውን እግር ሳታወርድ፣ ጎማውንም ታኮ ሳታደርግ አትተወው።

የአሰላ ስንዴ
ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳዘነበለ ድሮባሩ ላይ ባስረውስ? ከቀለበቱ እስከ ተሳቢው አክስል 3.5 ሜትር ነው።

ቶርኖ ቤት
27 ሴ.ሜ በ3.5 ሜትር ላይ ከ4 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል። የጭነቱ መሃል ከአክስሉ 1 ሜትር ከፍ ካለ ወደ ፊት 8 ሴ.ሜ ይሄዳል፤ በ40 ኩንታል ላይ ይህ ቀለበቱን 90 ኪሎ ያህል ይጨምርበታል። ለአጭር ርቀት ይቻላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ግን ጭነቱ ሁሉ ወደ ፊት ነው የሚመጣው።

ትክክለኛው መፍትሔ ተሳቢውን ማስተካከል ነው። የቀለበቱን ዘንግ ጫፍ ቆርጠህ ወደ ታች በታጠፈ አንገት ተካው፤ በሁለቱም ጎን ሦስት ማዕዘን ላሜራ፣ ቢያንስ 12 ሚ.ሜ፣ ይበየድበት። 27ቱን ሁሉ ማውረድ የለብህም፣ 22 ይበቃል፤ ቀለበቱ በ5 ሴ.ሜ ቢያዘነብል ምንም አይደለም። አንገቱን ከማስቆረጥህ በፊት ግን ባሌስትራውን እይ። አክስሉ ከባሌስትራው በታች ከታሰረ ወደ ላይ ማዛወር ካሶኒውን በአክስሉና በባሌስትራው ውፍረት ያህል ዝቅ ያደርገዋል። የጭድ ተሳቢ እንዳይገለበጥ የሚረዳው ይሄ ነው፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም። ጎማው ካሶኒውን እንዳይነካ ግን ተሳቢውን ጭነህ ለካ።

ሁለት ማርሽ
ከተበየደ በኋላ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙረህ ሞክረው፤ የካሶኒው ጥግ የኋላ ጎማውን እንዳይነካ። ፒኑ ከቀለበቱ ቀዳዳ ጋር የሚመጣጠን ይሁን፤ 50 ሚ.ሜ ቀለበት ውስጥ 25 ሚ.ሜ ፒን ሲገባ በየማርሹ ይመታል። ፒኑን በኮፒሊያ (እንዳይወጣ በሚይዘው ትንሽ ሽቦ) ቆልፍ፣ የመጠባበቂያ ሰንሰለቱን ከአንገቱ ስር አጣምረህ እሰር። መንገድ ላይ ሁለቱን የፍሬን ፔዳሎች አያይዛቸው፤ በአንዱ ብቻ ከያዝክ ተሳቢው ትራክተሩን ያጥፈዋል። የጭዱን ቁመት ደግሞ በመንገድህ ላይ ካለው ዝቅተኛ የመብራት ሽቦ ጋር አስተያየው።