ብቻዬን ፊጂ ልሄድ ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?

የደሴዋ፦ እህቶች፣ በነሐሴ ብቻዬን ፊጂ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው የደሴቶች አገር፣ ልሄድ ነው። እናቴ ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። የምታውቁ እውነቱን ንገሩኝ።

የሐይቋ ልጅ፦ አብሽሪ እህቴ! ሰዉ እንግዳ ይወዳል። ግን ናዲ ከተማም ሆነ ዋና ከተማዋ ሱቫ ከመሸ በእግርሽ አትዙሪ፣ ታክሲ ያዢ። መንደር ስትገቢ ኮፍያሽን አውልቂ፣ ትከሻና ጉልበትሽን ሸፍኚ። ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ለመንደሩ አለቃ የሚሰጠው ካቫ የሚባለው፣ ተበጥብጦ የሚጠጣ ተክል ሥር ነው፣ ገበያ ላይ ታስሮ ይሸጣል።

ኮምቦልቻ፦ የቢጫ ወባ ካርድሽን እንዳትረሺ፣ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ይጠይቃሉ። በአውስትራሊያ ካለፍሽ የትራንዚት ቪዛም ቀድመሽ ጨርሺ። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ስለሆነ ነሐሴ ጥሩ ነው።

የደሴዋ፦ ጀልባስ?

የሐይቋ ልጅ፦ ላይፍ ጃኬት ሳታዪ አትሳፈሪ። የምታድሪበትንም ለእማዬ ጽፈሽላት ሂጂ።