የልጄ የጭን አጥንት አጥሯል ተባልኩ

ሰላም እህቶቼ። ፍኖተ ሰላም ነኝ፤ ሁለተኛ እርግዝናዬ ነው። ሰኞ አልትራሳውንድ ታየሁ። ሐኪሙ ዝም ብሎ ደጋግሞ ለካና «የጭን አጥንቱ ያንሳል፤ ባሕር ዳር ሄደሽ ታዪ» አለኝ። ሌላ ያስረዳኝ ነገር የለም። ወረቀቱ ላይ ጭንቅላቱና ሆዱ 28 ሳምንት፣ የጭን አጥንቱ 25 ሳምንት ይላል። አማቴ «ጤፍ አረም ላይ ጎንበስ ብለሽ እንድትውዪ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ» እያሉ ያለቅሳሉ። እውነት ከሥራው ነው? ወይስ ቀኑ ተሳስቶ ይሆን?

አዋላጅ ነኝ፣ ደብረ ማርቆስ
አይዞሽ እህቴ። አረም አጥንት አያሳጥርም፤ ይህን ዛሬውኑ ለአማትሽ ንገሪያቸው። ቀን ቢሳሳት ኖሮ ደግሞ ጭንቅላቱም ሆዱም አብረው ያንሱ ነበር። ያንቺ ያነሰው ጭኑ ብቻ ነው። ስለዚህ መሄዱን አትተዪ። አንቺና ባለቤትሽ አጭር ከሆናችሁ ልጁ እናንተን መስሎ ሊሆን ይችላል። የእንግዴ ልጁ ደም በደንብ አለማድረሱም አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል። የአጥንት እድገት ችግርም ሊሆን ይችላል። እዚያ የእጅና የእግሩን አጥንቶች በሙሉ ይለካሉ፤ የጎበጠ ወይም የተሰበረ እንዳለ ያያሉ። ዋናው ግን ደረቱ ነው። ደረት በጣም ከጠበበ ሳንባ ቦታ አጥቶ አያድግም፤ ከባዱን ከቀላሉ የሚለየው በአብዛኛው እሱ ነው። «ደረቱ እንዴት ነው?» ብለሽ አፍ አውጥተሽ ጠይቂ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የታየሽበት ወረቀት ካለ ይዘሽ ሂጂ፤ ዕድሜውን በትክክል የሚናገረው እሱ ነው።

የቡሬዋ እናት
የኔ ልጅ አኮንድሮፕላዚያ የሚባል፣ እጅና እግርን የሚያሳጥር የአጥንት እድገት ችግር አለባት። በአምስተኛው ወር ስታይ ምንም አልነበረም። እጥረቱ የታየው በሰባተኛው ወር ነው። በዘራችን እንዲህ ያለ ሰው ስለሌለ ባለቤቴ ግራ ገባው። በኋላ ሐኪሟ ከ10 እንዲህ ካሉ ልጆች 8ቱ ቁመታቸው እንደማንኛውም ሰው ከሆነ ወላጆች እንደሚወለዱ ነገረችን። ጭንቅላቷ ትልቅ ስለነበር በኦፕራሲዮን ወለድኳት። የት እንደምትወልጂ ከአሁኑ አማክሪ። ልጄ አሁን 6 ዓመቷ ነው። እንስራው ጋ ስለማትደርስ አባቷ ዱካ ሠራላት፤ ውኃ የምትቀዳው እሱ ላይ ቆማ ነው፤ ማንም እንዲቀዳላት አትፈልግም። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአማቴ አነበብኩላቸው፤ ሁለቴ አስደገሙኝ። የ11 ሳምንቱን ወረቀት ሣጥን ውስጥ አገኘሁት። ሐሙስ በጠዋቱ መኪና እሄዳለሁ። አብረውኝ ሊሄዱ ነው።