የማይረሱ የመዋቢያ ምርቶች መሪ ቃሎች፦ ጽናታቸው ከምን የመጣ ነው?

ብዕር በእጄ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለተወሰኑ ዓመታት የማስታወቂያ ጽሑፍ በመጻፍ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። በቅርቡ አንድ አምራች ለፀጉር ቀለሙ አጭር መሪ ቃል እንዳዘጋጅለት ጠይቆኝ ሃያ ያህል አማራጮች ጽፌ ነበር። ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን አውጥቼ ሳነበው፣ የምርቱን ስም ፍቄ የሳሙና ወይም የሽቶ ስም ባስገባበት ከሃያዎቹ አሥራ ስምንቱ ምንም የሚጎድልባቸው ነገር እንደሌለ ተረዳሁ። «ውበትሽ ይድመቅ»፣ «የውበትዎ ምስጢር»፣ «ለማራኪ ገጽታ» የሚሉ ዓይነት ነበሩ።

በአንጻሩ የሎሬያል «ይገባኛልና»፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሜይቤሊን «ምናልባት አብሯት የተወለደ ነው፤ ምናልባት ሜይቤሊን ነው»፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው የጢም መላጫ አምራቹ የጂሌት «ወንድ ልጅ ሊያገኝ ከሚችለው ሁሉ የላቀው» ምርቶቹን ተጠቅሞ በማያውቅ ሰው አእምሮ ውስጥ እንኳን ተቀምጠዋል። ለመሆኑ ጽናታቸው ከቃሉ የመጣ ነው ወይስ ለድግግሞሹ ከፈሰሰው ገንዘብ? ደግሞስ ወደ አማርኛ ስንመልሳቸው ኃይላቸው የሚሟሽሸው ለምንድን ነው? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የቃል ሚዛን

ጤና ይስጥልኝ። ገንዘብ ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ ይሁን እንጂ ብዙ ገንዘብ ፈስሶባቸው የተረሱት መሪ ቃሎች ከማይረሱት እጅግ ይበዛሉ። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው «በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚናገረው ማን ነው?» ብዬ ነው።

የሎሬያልን መሪ ቃል የጻፈችው ኢሎን ስፔክት ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በማካን ኤሪክሰን የማስታወቂያ ድርጅት ትሠራ የነበረች የ23 ዓመት ወጣት ነበረች። ፕሪፈረንስ የተባለው የሎሬያል የፀጉር ቀለም በአሜሪካ ገበያ ከተፎካካሪው ከክሌሮል ምርት በጥቂት ሳንቲም ይወደድ ስለነበር ማስታወቂያው ለዚህ ልዩነት ምክንያት መስጠት ነበረበት። በውይይቱ ላይ የቀረበው ሐሳብ ግን መጋረጃው በነፋስ በሚውለበለብበት መስኮት አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ሴት ማሳየት ነበር፤ ሴትዮዋ ትታያለች እንጂ አትናገርም። ስፔክት በዚህ ተቆጥታ ቁጭ አለችና በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ጽሑፍ ጻፈች። በእርሷ ጽሑፍ ሴትዮዋ ራሷ ትናገራለች፦ በዓለም ከሁሉ ውድ የሆነውን የፀጉር ቀለም እንደምትጠቀም፣ ጉዳዩ የገንዘብ ሳይሆን የፀጉሯ እንደሆነ፣ ጥቂት ጨምራ መክፈሏም እንደማይከብዳት፤ በመጨረሻም «ይገባኛልና» ትላለች።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ እኛ መሪ ቃል ብለን የምናውቀው የዚያ ረጅም ንግግር የመጨረሻ ማሰሪያ ነው። «ለምን አብልጠሽ ትከፍያለሽ?» ለሚል ያልተነገረ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ስለሆነ በስተኋላው ክርክር አለው። ሎሬያል በኋላ «ይገባሻልና»፣ ቆይቶም «ይገባናልና» እያለ ቀያይሮታል። በእኔ ሚዛን የመጀመሪያውን የሚያህል የለም፤ ሴትዮዋ ስለ ራሷ ስትናገር ምስክርነት ነው፣ ሻጩ ስለ እርሷ ሲናገር ግን ማባበል ይሆናል። ከሃያዎቹ አማራጮችዎ ውስጥ ተጠቃሚዋ በራሷ አንደበት የምትናገርበት ስንት እንደሆነ ቢቆጥሩ መልካም ነው።

ማበጠሪያ

እኔ ጸሐፊ ሳልሆን ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ስለዚህ በየቀኑ ከማየው ነገር ልነሣ። ቀለም የተቀባች ደንበኛ ፀጉሯ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ፣ በግንባሯ በኩል ያለውን ፀጉር በጣቶቿ ከፍላ ሥሩን ማየት ነው። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያስታውቃል እንዴ?» ትለኛለች። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ክሌሮል እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው መሪ ቃል ይህንኑ ሹክሹክታ ነው የያዘው፦ «ታደርጋለች ወይስ አታደርግም? እርግጡን የሚያውቀው ፀጉር ሠሪዋ ብቻ ነው።» ጸሐፊዋ ሸርሊ ፖሊኮፍ ሐሳቡን ያገኘችው ከአማቷ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ከወደፊት ባሏ ወላጆች ጋር ለመተዋወቅ እራት በሄደች ጊዜ፣ አማቷ በኋላ ልጃቸውን በዪዲሽ ቋንቋ «ፀጉሯን ትቀባለች ወይስ አትቀባም?» ብለው ጠይቀውት ነበር። ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ያ የሚያሳፍር ጥያቄ የሽያጭ ቃል ሆነ፤ ነገር ግን ፖሊኮፍ «ፀጉር»ንም «መቀባት»ንም ከጥያቄው አወጣቻቸው። ምን እንደምታደርግ ሳይነገር በመቅረቱ ላይፍ መጽሔት አነጋገሩ ለሌላ ትርጉም የተጋለጠ ነው ብሎ ማስታወቂያውን ለማተም እንቢ አለ። ፖሊኮፍ በዚያው በመጽሔቱ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሴቶች ይጠየቁ አለች፤ ሲጠየቁም ነውር አየሁበት ያለች አልተገኘችም፣ ማስታወቂያውም ታተመ። በፎቶግራፎቹ ላይ ከሴትዮዋ አጠገብ ብዙ ጊዜ ሕፃን ልጅ እንዲታይ መደረጉም ጥርጣሬውን ለማብረድ ነበር።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ነው። ምርቱ በገዛ ቤት በአጭር ጊዜ የሚቀቡት ሆኖ ሳለ፣ ምስክር ሆና የቆመችው ፀጉር ሠሪዋ ናት። ምስጢር ጠባቂነታችንን አክብሮ የተጻፈ ቃል ይመስለኛል፤ ለዚህም ነው እስከ ዛሬ የምወደው።

ጥያቄ አለኝ

ከላይ የተሰጡት መልሶች ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም አለመረሳት ሁሉ የሚያስመሰግን እንዳይመስል እፈራለሁ። ሊስተሪን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ «ብዙ ጊዜ ሚዜ፣ ሙሽራ ግን ሆና አታውቅም» በሚል መሪ ቃል የአፍ መጉመጥመጫ ሸጧል። ይህ ፈሳሽ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሠራ የቀዶ ሕክምና ፀረ ተሕዋስያን እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ በማስታወቂያው ግን አንዲት ወጣት ያላገባችው አፏ ስለሚሸት ነው፣ ይህንንም የቅርብ ጓደኞቿ እንኳን አይነግሯትም ተባለ። ሐረጉ የዕለት ተዕለት አነጋገር እስከ መሆን ደርሷል። እኔ ግን አንባቢን አስፈርቶ የሚሸጥን ቃል ለመማሪያ ማቅረብ ይከብደኛል።

አይቮሪ ሳሙና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተከተለው መንገድ ይሻለኛል፦ «99 ከ44/100 በመቶ ንጹሕ»። በኬሚካል ምርመራ የተገኘው ባዕድ ነገር 0.56 በመቶ ስለነበር ቀሪውን ሳያጠጋጉ እንዳለ ጻፉት። መቶ በመቶ ቢሉ ማንም አያምናቸውም ነበር። «ይንሳፈፋል» የሚለው ሌላው ቃላቸው ደግሞ ማንም ሰው ሳሙናውን ውኃ ውስጥ ጥሎ ሊያረጋግጠው የሚችል ነው።

በአጭሩ የተጻፈ ቃል ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችልም አይዘንጋ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኒቪያ ለዲኦድራንት (ለብብት ሽታ መከላከያ) «ነጭ ንጽሕና ነው» የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ዘረኛ መልእክት አለው የሚል ብርቱ ነቀፌታ ስለደረሰበት አንሥቶ ይቅርታ ጠይቋል። ጸሐፊው ልብስ ላይ ስለሚቀር እድፍ ቢያስብም፣ አንባቢ ግን ያነበበው ስለ ቆዳ ነው።

ብዕር በእጄ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቃል ሚዛን፣ እንዳሉኝ ቆጠርሁ፤ ከሃያዎቹ ተጠቃሚዋ ራሷ የምትናገርበት አንድም የለም። «ያስታውቃል እንዴ?» የሚለውን የማበጠሪያን ቃል ማስታወሻዬ ላይ አስፍሬዋለሁ። ስለ ትርጉሙ ያነሣሁት ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰልኝም።

የቃል ሚዛን

እውነት ነው፤ ዘንግቼው ነበር። «ይገባኛልና»ን እንመልከት። እንግሊዝኛው ምክንያቱን ከዋናው ሐሳብ ኋላ ማስቀመጥ ይችላል። በአማርኛ ግን «ስለሚገባኝ» ብንል ምክንያቱ ቀድሞ ስለሚመጣ ሰሚው «እሺ፣ ስለሚገባሽ ምን?» ብሎ ቀሪውን ይጠብቃል። «ይገባኛልና» ይህን ችግር ይፈታል፤ ነገር ግን መጽሐፋዊ ቃና አለው፣ ፀጉሯን እያበጠረች ያለች ሴት አፍ ላይ አይቀመጥም። በዚያ ላይ «ይገባኛል» «እረዳለሁ» ማለትም ነው፤ «የይገባኛል ጥያቄ» ሲባልም ጆሯችን ወደ ርስትና ወደ ድንበር ክርክር ይሄዳል።

የእኛ ሰው ይህንኑ ስሜት ሲገልጽ «ሲያንሰኝ ነው!» ይላል። አጭር ነው፤ በአንደኛ መደብ ስለሆነ ሴትም ወንድም ሊለው ይችላል፤ «ማነስ» የሚለው ግሥም የዋጋውን ነገር ሳይጠራው ያስታውሳል። ሆኖም ወደ ሁለተኛ መደብ እንዳይወስዱት ይጠንቀቁ፤ «ሲያንስሽ ነው» በብዙ ሰው ጆሮ «የእጅሽን አገኘሽ» ማለት ይሆናል።

የክሌሮሉ ደግሞ በሌላ በር ይገባል። አማርኛ ግሡን ይፈልጋል፤ ተሳቢውን ግን መተው ይፈቅዳል። «ተቀብታለች ወይስ አልተቀባችም?» ብለው ቢያቆሙ ምን እንደተቀባች ሳይነገር ይቀራል፤ ሰሙም ወርቁም እዚያ ውስጥ አለ። የሜይቤሊኑን ግን ባይነኩት እመርጣለሁ፤ የእንግሊዝኛው «ምናልባት» («ሜይቢ») በምርቱ ስም ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚሰማ ከዚያ ድምፅ ሲለይ ቀሪው ተራ ግምት ነው።

ማበጠሪያ

«ሲያንሰኝ ነው» የምትል ደንበኛ እኔም አለችኝ። ዋጋ ስነግራት አትከራከርም፤ ራሷን ቀና አድርጋ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ ነው የምትለው።