ካርዱ ላይ ሒሳብ 91፣ ልጅቷ ግን ክፍልፋይ መደመር አትችልም፣ ምን ይሻላል?

የቧንቧ ውሃዋ እናት (ደሴ)
ሰላም ናችሁ የሀገሬ ልጆች። ልጄ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ናት። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲመጣ ሒሳብ 91፣ ከክፍሉ 4ኛ፣ ቤቱ በደስታ ሞላ። ከዛ ታናሽ ወንድሟ ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው ሲላት ላዩን ከላዩ ታቹን ከታቹ ደምራ ሁለት አምስተኛ አለችው። ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽም ያንሳል! ማርኩ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኳት፣ 50ው ፋይናል ነው ሁሉም ምርጫ፣ 50ው ደሞ ደብተር፣ የቤት ስራ፣ ቴስት፣ የቡድን ስራ። የቡድን ስራውን አንዷ ጎበዝ ትሰራዋለች ሌላው ስሙን ይጽፋል። ትምህርት ቤት ሄጄ ብጠይቅ ልጅሽ ጎበዝ ናት አትጨነቂ ብለው መለሱኝ። እንዴት አልጨነቅ? ኮሮና ሲመጣ 1ኛ ክፍል ነበረች፣ መጋቢት 2012 ተዘጋና ያለ ፈተና ወደ 2ኛ አለፉ፣ በ2014 ከተማችን ስትያዝ 3ኛ ክፍል። ይቺ ልጅ የገባትን ያልገባትን ሰው ቁጭ ብሎ ያየላት መቼ ነው? 8ኛ ክፍል ክልል አቀፉ ላይ ነው የሚታወቀው? አስጠኚ ልቅጠር ወይስ ትምህርት ቤቱን ልወጥር?

የሆጤ ልጅ
አብሽሪ እህቴ፣ 7ኛ ላይ ማወቅሽ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ያወቅነው 12ኛ ላይ ነው። የ2014ቱ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሰጠ፣ ኩረጃው ቆመ፣ 50 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 ፐርሰንት ብቻ ሆነ፣ ከ1 ሺህ በላይ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ አላሳለፈም። ቀጥሎ 3.2፣ ከዛ 5.4፣ በ2017 8.4። ከኔ ክፍል ከ1 እስከ 10 ይወጡ የነበሩ ልጆች ሪሚዲያል (ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት) ነው የገቡት፣ ሰነፎች አልነበሩም ወላሂ፣ 12 አመት ሙሉ ጎበዝ ናችሁ ተብለው ነው ያደጉት።

ጡረተኛው (ሸዋ በር)
የዚህ ሁሉ መነሻ ተከታታይ ምዘና የሚሉት፣ ከፋይናሉ ውጭ በደብተር፣ በቤት ስራ፣ በቴስት ማርክ የሚሰጡበት ነገር ነው። የ1986ቱ ፖሊሲ ነው ይሄን ያመጣው፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛም በቀጥታ ይለፉ የተባለው ያኔ ነው። በኛ ጊዜ ያልቻለ ይደግማል፣ ሚኒስትሪ ያላለፈ አይሻገርም። የደብተር ማርክ ምን ማለት ነው? ይቅርና ሁሉም በፈተና ይሁን።

ቲቸር ከኮምቦልቻ
ጋሼ አከብርዎታለሁ ግን በዚህ አልስማማም። በናንተ ጊዜ የወደቀው ልጅ ቤቱ ቀረ እንጂ ማንም መልሶ አላስተማረውም። ተከታታይ ምዘና ማለት እኮ ዛሬ ያስተማርኩት ገብቷቸው እንደሆነ ዛሬውኑ አይቼ ካልገባቸው ነገ መልሼ ማስተማር ነው፣ እኛ ግን ማርክ መሰብሰቢያ አደረግነው። እኔ በአንድ ሴክሽን ከ70 በላይ ተማሪ አለኝ፣ አምስት ሴክሽን አስተምራለሁ፣ ሮስተር ይደርሳል፣ ማርክ ሊስቱ ይሞላ ይባላል፣ የወደቀ ከበዛ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ እና ብዙ መምህር የደብተርና የቡድን ስራ ማርክ ሞላ ሞላ አርጎ ይገላገላል። ይሄን ሳይነኩ ፈተና ብቻ ቢያከብዱት የሚወድቀው ቁጥር ይጨምራል እንጂ ልጁ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተሰራው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል ማንበብ አልቻሉም፣ ችግሩ እዛ ታች ነው ያለው።
እኔ አሁን የማደርገው፣ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀር አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ በቁራጭ ወረቀት ሰርተው ይሰጡኛል፣ ማርክ የለውም። ማርክ ስለሌለው አይኮራረጁም። ማታ ወረቀቶቹን አላርምም፣ ሶስት ቦታ እከምራቸዋለሁ፣ የገባው፣ ግማሽ የገባው፣ ያልገባው፣ በቃ። ልክ እንደ ልጅሽ ታቹን ከታቹ የሚደምሩ ከክፍሉ እኩሌታ ሲሆኑ በማግስቱ አዲስ ምዕራፍ አልጀምርም።

የቧንቧ ውሃዋ እናት
ቲቸር እግዜር ይስጥልን። እና ወላጅ ስብሰባ ላይ ምን ብዬ ልጠይቅ? ማርክ ቀንሱባት ብል ልጄን ይይዙብኛል ብዬ ፈራሁ።

ቲቸር ከኮምቦልቻ
ማርኩን እርሺው፣ የፋይናል ወረቀቷን ልይ በያቸው። ምርጫ ብቻ ከሆነ ስሌቱ የሚታይበት ጥያቄ ለምን አይገባም ብለሽ ጠይቂ፣ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆናችሁ ከጠየቃችሁ ማንም ልጅሽን ነጥሎ አይይዝባትም። የቡድን ስራም ከሆነ አንዱ ልጅ ተነስቶ ሰሌዳ ላይ ያስረዳ፣ ማን እንደሚወጣ ቀድሞ አይነገር። አስጠኚ ከቀጠርሽ ደግሞ የ7ኛን መጽሐፍ እንዳያስጀምራት፣ ከ4ኛና 5ኛ ክፍል ክፍልፋይ ይጀምር፣ የ2014ቱ ክፍተት እዛ አካባቢ ነው የሚገኘው።

ጡረተኛው (ሸዋ በር)
የቁራጭ ወረቀቱ ነገር ጥሩ ነው ልጄ። 3ኛ ክፍል ማንበብ ያልቻለ ወደ 4ኛ ይለፍ የሚለው ላይ ግን አሁንም አልስማማም።